ቁርጥ ዋጋ

በፉልዳ አውራጃ፣ ሐዲዱ ሲታጠፍ፣ ከስንዴው ማሳ ዳር፣
ቁራጭ መሬት ገዛን፤ ከጭቃና ከሳማ በቀር ምን ነበር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
ስንቱን ከየደጁ ወስጄ አምጥቼ፣
ለራሴ ደጅ ላቆም ብድር ተፈራረምኩ፤
ብዕሩን ስመልስ ጣቶቼን ቆጠርኩ።

ቀድሞ የመጣው ግንበኛው ዝቢሼክ፣ ፖላንድ ነው አገሩ፤
በሜትር ለካ፣ በዓይኑም ለካ፣ ዝም እንዳለ ከንፈሩ።
"ስንት?" አልኩት። በሲሚንቶ ከረጢት፣ በእርሳስ ጉራጅ
ጻፈልኝ፤ ዜሮዎቹ ረብተዋል፣ ልክ እንደ ጥንቸል ልጅ።

ያሳደገኝ አጎቴ ባቲ ገበያ ፍየል ነጋዴ ነበር፤
ክርክር ሲጠብቅበት እንዲህ ይለኝ ነበር፦
"ጥለሽ ሂጂ። ሦስት እርምጃ ቁጠሪ፤
በአራተኛው ይጠራሻል። ዞረሽ አትዪ፤ ኩሪ።"

ለዝቢሼክ ሠራ።
በአራተኛው እርምጃ ስሜን አጣሞ ጠራ።
እጅ ለእጅ ተማታን፤ ሁለት ሺህ ቀነሰ፤
ቀብዱን ስቆጥርለት እጄም ኖራ ለበሰ።

ጣራ ሠሪው ግን፣ ሄር ክሩም የሚሉት፣
ሰባት ገጽ ላከልኝ፣ ማኅተም ያለበት።
ገና ግድግዳው ሳይደርቅ
ጣራ የነካው ዋጋው ነው፣ ቁልቁል እያየን ሲስቅ።
በእኛ ቋንቋ ግጥም ነበር ቤት የሚመታ፤
እዚህ ቤቱ ነው የመታን፣ ጧት ማታ።

"ቁርጡን ንገረኝ" አልኩት።
"ተጽፏል" አለና መነጽሩን ጠረገ።
ተነሣሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት ላይ ጆሮዬ ጥሪ ፈለገ።
አምስት። ስድስት። የጎረቤት አጥር ደረስኩ፤ ዶሮዎቹ አዩኝ፤
ፍራው ሮይተር በመስኮት "ምን ጠፋብሽ?" አሉኝ።
አጎቴ ይህን አላስተማረኝም፦ ማንም ሳይጠራ
እንዴት እንደሚመለሱ፣ አንገት ሳይደፉ፣ ወደ ሥራ።

ተመለስኩ። ገጾቹን ዘርግቶ እርሳስ ሰጠኝ፤
"የቱን ላውጣልሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።
"ከሸክላው? ከምስማሩ? ከብርድ መከላከያው ጥጥ?
ከአሸንዳው? ወይስ ከልጁ፣ ከቶቢያስ ደመወዝ ልቁረጥ?
ቶቢያስ ባለፈው ጥር ከመሰላል ወድቆ ትከሻው ተሰብሯል፤
ኢንሹራንሱ ገጽ አራት ላይ ነው፤ እሱም ተቆጥሯል።"

ሌሊቱን ከዘለቀ ጋር፣ መዝገበ ቃላት ይዘን፣ በየመስመሩ ወረድን፤
ስለ አንዲት የአሸንዳ ቆልማማ ስም ልንጣላ ደረስን።
ገጽ ስድስት፦ ሸክላ ተሸክሞ ማውጣት፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሰው።
"እኔና ባሌ ሁለት ሰው ነን" አልኩት፤ "ይኼን አንሣው።"
ገጽ ሦስት፦ የመወጣጫ ኪራይ። የዝቢሼክ መወጣጫ እዚያው ቆሞ ሳለ!
ሄር ክሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "እሺ" አለ።

(ዘለቀ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ቀትር ሳይሞላ፣
ወገቡን ይዞ፦ "ያ መስመር ርካሽ ነበር" አለኝ፣ በኋላ።)

ጣራው በጥቅምት አለቀ። ኅዳር ላይ፣ ሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ስመለስ፣
የዝቢሼክን መኪና አየሁት፣ መስታወቱ ውርጭ ሲለብስ።
ወንበሩን አጋድሞ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ ካፖርት ደርቦ ተኝቷል፤
የማደሪያ ኪራይ የሚባል ነገር ከሒሳቡ ወጥቷል።
ሰባት ገጽ የለውም እሱ። "የቱን ላውጣ?" አላለኝም።
ከረጢት ላይ ያለ ቁጥር ደግሞ አይናገርም።
የቆረጥኩት መስሎኝ ከድንጋዩ ዋጋ፣
የቆረጥኩት ለካ የሰውየውን አልጋ።

ሁለቱን ሺህ በፖስታ ይዤ ሄድኩ።
ቆጠረው። ግማሹን መለሰና "በዛ" አለኝ።
"አልበዛም።" "በዛ።" "አልበዛም!" የተቆጣ መሰለኝ።
ጥሎኝ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ኮቴው ውርጩ ላይ ታተመ፤
በአራተኛው ጠራሁት፣ ስሙን አጣምሜ። ዞረና ቆመ።

ያን ማታ፣ ወጥ ቤት ይሆናል ባልነው ጥግ፣ ፍራሽ አነጠፍን።
ዝናቡ አዲሱን ሸክላ እያንኳኳ ይቆጥራል፤
ስለቀረችው ሺህ ዩሮ ግን
እኔና እሱ ገና አልተስማማን።